የቆሰለ ምርኮኛ እጃችሁ ሲገባ፦ ከምሽግ እስከ ቤቱ

ይህ መመሪያ ለመቶ አዛዥ፣ ለሻምበል ጤና ረዳት፣ ለሜዳ ሆስፒታል ነርስና ለማቆያ ካምፕ ሐኪም የተዘጋጀ ነው። ቆስሎ የተማረከ ወታደር በአንድ ሰው እጅ ብዙ አይቆይም። የማረከው ለጤና ረዳቱ፣ ጤና ረዳቱ ለአምቡላንስ፣ አምቡላንሱ ለሆስፒታል፣ ሆስፒታሉ ለካምፕ ያስረክበዋል። አብዛኛው ቁስል በጊዜ ከተያዘ የሚድን ነው። ሰውየው የሚሞተው ወይም ደብዛው የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በርክክቡ መካከል ነው፤ የታሰረበት ሰዓት ሳይጻፍ፣ ስሙ ተሳስቶ፣ መድኃኒቱ ተቋርጦ፣ ጫማው ተወስዶ። እርምጃዎቹን በርክክብ የከፋፈልናቸው ለዚህ ነው።

ግዴታው ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት ናቸው። ኢትዮጵያ በ1969 አጽድቃቸዋለች፤ የ1977ቱን ሁለት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ1994 ተቀብላለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያው ስምምነት አንቀጽ 12 ቁስለኛ በዘር፣ በዜግነት፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አቋም ሳይለይ እንዲታከም ያዛል፤ የሕክምና ተራ የሚቀድመውም በሕክምና ምክንያት ብቻ ነው ይላል። ሦስተኛው ስምምነት ስለ ጦር ምርኮኞች በዝርዝር ይናገራል። ጦርነቱ በአገር ውስጥ ከሆነ «የጦር ምርኮኛ» የሚለው ሕጋዊ ስም አይሰጥም፤ ቁስለኛን የማንሳትና የማከም ግዴታ ግን በአራቱም ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 እንዳለ ይቀጥላል። «እነዚህ ወታደሮች አይደሉም፣ ሽፍቶች ናቸው» የሚል አዛዥ ቢገጥማችሁ መልሱ አጭር ነው፦ ሽፍታም ቢሆን ከቆሰለ ይታከማል፣ ክሱ ሲድን ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1998–2000 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተፈጸመውን የመረመረው የካሳ ጥያቄ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2003 በምርኮኞች ጉዳይ በሁለቱም አገሮች ላይ ፈርዷል። ከታች ደጋግመን የምናነሣው የእኛው አገር ማስተማሪያ ስለሆነ ነው። ስህተቶቹ ተራ ስህተቶች ናቸው፤ ዛሬም ሊደገሙ የሚችሉ።

ሲማረክ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

«እጅህን አንሣ!» የሚለው ትእዛዝ ክንዱ ለተሰበረ ሰው አይሠራም። ራሱን ለሳተም፣ ቋንቋውን ለማይሰማም፣ በፍንዳታ ጆሮው ለተደፈነም አይሠራም። መዋጋት ያቃተውና የማይተኩስ ቁስለኛ፣ እጅ ሰጠሁ ብሎ ባይናገርም፣ ከውጊያ ውጭ ነውና አይተኮስበትም። ይህን ወታደሩ አስቀድሞ፣ በሥልጠና ላይ ሊያውቀው ይገባል። በውጊያ መሀል የሚማረው ነገር አይደለም።

ሁለት ሰው ይቅረብ፤ አንዱ ይጠብቅ፣ አንዱ ይፈትሽ። በሆዱ የተደፋን ሰው በቀጥታ አትገልብጡ፤ ከሥሩ ቦምብ ሊኖር ይችላል። በሚፈትሸው ሰው ተቃራኒ በኩል ትከሻውንና ዳሌውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከዚያ ዝናር፣ ኪስ፣ ወገብ፣ ቁርጭምጭሚት። ጤና ረዳቱ ከፍተሻ በፊት አይጠጋም፤ ፍተሻው ግን ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ደም እየተንፎለፎለ ከሆነ ፈታሹ ራሱ ማሰሪያውን ያስር።

የሚወሰደው የጦር መሣሪያ፣ ጥይት፣ ወታደራዊ ካርታና ሰነድ ነው። የማይወሰደው ደግሞ ልብስ፣ ጫማ፣ የራስ ቁር፣ የምግብ ዕቃ፣ መታወቂያና የአንገት ሰሌዳ፣ የማዕረግ ምልክት፣ ቀለበት፣ ማዕተብ ወይም ሌላ ለእሱ ብቻ ዋጋ ያለው ነገር። ገንዘብ የሚያዘው በመኮንን ትእዛዝና በደረሰኝ ብቻ ነው።

ጫማው ላይ ቆም እንበል። የካሳ ኮሚሽኑ ኢትዮጵያን ተጠያቂ ካደረገባቸው ጥፋቶች አንዱ የምርኮኞችን ጫማ ወስዶ በባዶ እግር ማስኬድ ነው። የማረከው ወታደር «እንዳይሮጥ» ብሎ ያደርገዋል። በእሾህና በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ሰዓታት የተጓዘ እግር ግን በሁለተኛው ቀን ያብጣል፣ ይመግላል፤ በእግሩ ሊሄድ ይችል የነበረው ሰው ቃሬዛ የሚፈልግ ይሆናል። አንድ ቃሬዛ አራት ተሸካሚ ይይዛል። ጫማውን ለቃችሁ ማሰሪያውን ብቻ ብትወስዱ ሩጫውም ይቀራል፣ እግሩም ይተርፋል።

ኪሱ ውስጥ መድኃኒት ካገኛችሁ አትጣሉት። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከነመጠቅለያው ለጤና ረዳቱ ይሰጥ፤ ስሙን ማንበብ የሚችለው እሱ ነው።

ምርመራ እዚህ ላይ አይጀመርም። ምርኮኛ እንዲናገር የሚገደደው ሙሉ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የሠራዊት መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። መናገር ካልቻለ ለሕክምና ክፍል ይሰጣል፤ ማንነቱም ያለ ማስገደድ፣ ከአንገት ሰሌዳውና ከመታወቂያው ይፈለጋል። ውኃን ወይም የሕመም ማስታገሻን «መጀመሪያ ተናገር» ብሎ መያዝ ማሠቃየት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጤና ረዳቱ የሚሠራው፣ በቅደም ተከተል

ለራሳችሁ ወታደር የምታደርጉትን ነው የምታደርጉት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

1. ደም። ከእጅ ወይም ከእግር ለሚንፎለፎል ደም ቱርኒኬ (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም። ስፋቱ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጫማ ክር፣ ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋውንና ነርቩን ይቆርጣሉ። ደሙ እስኪቆምና ከታች ያለው የደም ምት እስኪጠፋ ይጥበቅ። በግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ካለመታሰር ይብሳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ዘግቶ ወደ ውጭ የሚፈሰውን ይለቀዋል። ብሽሽትና ብብት ላይ ቱርኒኬ ስለማይያዝ ቁስሉን በጎዝ እስከ ጥጉ ጠቅጥቃችሁ ሳታነሱ ተጫኑ፤ ደም የሚያረጋ ጎዝ ከሆነ 3 ደቂቃ፣ ተራ ጎዝ ከሆነ 10 ደቂቃ።

2. አየር። ራሱን የሳተው በጎኑ ይተኛ። ፊቱ ወይም መንጋጋው የተመታው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ከፈለገ ይቀመጥ፤ በጀርባ አስተኝታችሁ በገዛ ደሙ አታፍኑት። አየር የሚስብ የደረት ቁስል በፕላስቲክ ይሸፈን፣ ሦስቱ ጎን ይለጠፍ፣ አንዱ ክፍት ይሁን። ትንፋሹ ከተሸፈነ በኋላ ከባሰበት ፕላስቲኩን አንሡና ታፍኖ የነበረውን አየር ልቀቁ።

3. የደም ዝውውር። የእጅ አንጓው ላይ የደም ምት ካለና እየተናገረ ከሆነ ግሉኮስ ለመስቀል አትጣደፉ። ምቱ ከጠፋ 250 ሚሊ ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ስጡና ዳግም ዳስሱ። ብዙ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል፣ የረጋውን ይገፋዋል። ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ካላችሁ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከቆሰለ 3 ሰዓት ሳይሞላ። ከ3 ሰዓት በኋላ ጉዳቱ ያመዝናል።

4. ሙቀት። ይህ ከሁሉም ይረሳል፣ ለምርኮኛ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይረሳል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋም። በደጋ ሌሊት ልብሱ ተገፎ መሬት ላይ የተኛ ቁስለኛ፣ ቁስሉ የማይገድለው ቢሆን እንኳ ይሞታል። እርጥቡን አውልቁ፣ ከላዩም ከሥሩም ብርድ ልብስ ይኑር፤ ቅዝቃዜው በብዛት የሚመጣው ከመሬቱ ነው።

5. ቀሪው። የተሰበረው አጥንት ከላይና ከታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች አካትቶ ይታሰር። ፔኒሲሊን ጂ 5 ሚሊዮን ዩኒት በደም ሥር (አለርጂ እንዳለበት በሚገባው ቋንቋ ጠይቁ)፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት 0.5 ሚሊ ሊትር በጡንቻ፣ የሕመም ማስታገሻ። ሆዱ ያልቆሰለና ራሱን የሚያውቅ ውኃ ይጠጣ።

ሜዳ ላይ ቁስል አይሰፋም። ጥይት ፍለጋ በመቆንጠጫ አይቆፈርም። ቡና፣ አመድ፣ የተፈጨ ክኒን አይነሰነስም።

ካርዱ

የቁስለኛ ካርድ አንገቱ ላይ ይታሰራል፤ ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ልብሱ በሆስፒታል በር ላይ ተቀዶ ይጣላልና። እርሳስ ወይም የማይለቅ ብዕር ተጠቀሙ። የሚሞላው፦ የሠራዊቱ ወገን፣ መለያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ማዕረግ፣ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ ቁስሉ የት እንደሆነና ምን እንዳቆሰለው፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑና ከነሰዓቱ። በእኛ አገር ሦስት ነገሮች ይህን ካርድ ያበላሹታል።

አንደኛው ሰዓት ነው። ጤና ረዳቱ ስልኩን አይቶ «ቱርኒኬ 10:30» ብሎ ጻፈ እንበል፤ ጠዋት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 4:30። ነርሷ ቁስለኛውን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተረከበች። 10:30 የሚለውን በአበሻ ሰዓት አንብባ «ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው፣ ላላ አድርጌ ልየው» ትላለች። እውነቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 ሰዓት በላይ የታሰረ እግር ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ ከተፈታ፣ በሞተው ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው መርዝ ባንድ ጊዜ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ስለዚህ «ጠዋት 4:30 በአበሻ» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። ማሰሪያው ከታሰረ 2 ሰዓት ሳይሞላው ደሙ በጎዝና በፋሻ መቆም ከቻለ መቀየር የተሻለ ነው፤ የተቀየረበትም ሰዓት ይጻፍ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ኤርትራዊው ምርኮኛ የልደት ዘመኑን የሚናገረው እ.ኤ.አ. ነው፣ መዝጋቢው ደግሞ ዓ.ም. ብሎ ይጽፈዋል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍ።

ሦስተኛው ስም ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ዓለም አቀፍ ቅጹ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ሣጥን አንዱ መዝጋቢ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ይሞላዋል፤ «ተስፋዬ ኃይሌ» የሚባል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የእናቱን ስም፣ የትውልድ ወረዳውንና ቀበሌውን ጨምሩ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከጎኑ በግእዝ ፊደል ይደገም። እናቱ ልጇን የምታገኘው በዚህ መስመር ነው።

ወደ ኋላ ማጓጓዝ

ምርኮኛ ከውጊያ ቀጣና በቶሎ ይወጣል። ልዩ ሁኔታ አንድ ነው፦ ማንቀሳቀሱ ከማቆየቱ ይልቅ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ቁስለኛ ለጊዜው እዚያው ይታከም። ይህን የሚወስነው ጤና ባለሙያው ነው፣ ሾፌሩ ወይም አጃቢው አይደለም።

አምቡላንሱ የሚሞላው በቁስሉ ክብደት ነው። ሆዱ የተመታ ምርኮኛና ክንዱ የተቦጨቀ የራሳችን ወታደር ቢኖሩ የሚቀድመው ምርኮኛው ነው። ይህን በአደባባይ ለወታደሮቹ የሚነግረው አዛዡ ይሁን እንጂ ጤና ረዳቱን ብቻውን አታጋፍጡት።

ዓይን መሸፈን ለደኅንነት ካስፈለገ ለአጭር ጊዜ፣ ራሱን ለሚያውቅና ለማያስመልሰው ብቻ። ሻሽ ወይም ጆንያ በራስ ላይ ማጥለቅ ፈጽሞ አይፈቀድም። እጅ ከኋላ ታስሮ በጀርባ ማስተኛት ትከሻን ያወልቃል፣ የእጅ ነርቭ ይገድላል፣ ካስመለሰውም ያንቀዋል። ማሰር ግድ ከሆነ ከፊት ለፊት፣ በሰፊ ጨርቅ፣ አንድ ጣት እንዲገባ አድርጋችሁ፤ በየ30 ደቂቃው የጣቶቹ ቀለምና ሙቀት ይታይ። ጭኑ የተሰበረ ሰው አይሮጥም፤ ለምን ታስሩታላችሁ?

ከመነሳት በፊት ዝርዝር ይሠራ፦ ስንት ሰው ወጣ፣ እነማን። ሲደርስ በዚያው ዝርዝር ይቆጠር፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙ። ቁጥሩ ካነሰ ምክንያቱ በዚያች ሰዓት ይጻፍ። በነጋታው የሚጻፍ ምክንያት ማንም አያምነውም።

ሆስፒታል

በመግቢያው ላይ አንድ የትሪያጅ (ቁስለኞችን በሕክምና ቅድሚያ የመለያ) ሠንጠረዥ ብቻ ይኑር። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ መጠበቅ የሚችል፣ ቀላል ቁስል፣ እንዲሁም ማስታገሻና እንክብካቤ ብቻ የሚሰጠው። «የምርኮኞች ወረፋ» የሚባል ሁለተኛ ሠንጠረዥ ከተከፈተ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይሆናል።

የማይለይ ሕክምና ስንል ለእኛ የሚከብደው የባዕዱ ጉዳይ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ የተማረኩት ጣሊያናውያን በብዛት ተጠብቀው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የተያዙት የኤርትራ አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ባዕዱ እንግዳ፣ የራሳችን ደም ያለው ከሃዲ ይሆንብናል። በእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ሁሉም ቁስለኛ ከሃዲ ነው። ቋንቋችሁን የሚናገር፣ ምናልባት የአገራችሁ ልጅ የሆነ ምርኮኛ አልጋው ላይ ሲመጣ እጃችሁ ከበደ ማለት ይህ ነው፤ ያኔ ካርዱን አንብቡና በካርዱ ሂዱ።

ቀዶ ሐኪሙ የጦር ቁስልን በመጀመሪያው ቀን አይዘጋም። ብዙ ሊትር ሳላይን ወይም ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል፤ የሞተ ጡንቻ ይወጣል፤ መልኩ የጠቆረ፣ እንደ ሊጥ የላላ፣ ሲቆነጠጥ የማይኮማተር፣ ሲቆረጥ የማይደማ። ከዚያ በወፍራም ደረቅ ጎዝ ተሸፍኖ ክፍት ይተዋል፣ ከ4 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ በቀዶ ክፍል ተከፍቶ ንጹሕ ከሆነ ይሰፋል። በመሀል በየቀኑ ፋሻ እየፈቱ ማየት ጀርም ማስገባት ነው። ሽታ፣ ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ግን አይጠበቅም። የፊትና የራስ ቆዳ ቁስል በመጀመሪያው ቀን መሰፋት ይችላል፤ የተከፈተ የሆድ ዕቃ፣ የደረት ግድግዳና የመገጣጠሚያ ሽፋንም ይዘጋል።

ምርኮኛ ላይ በተለይ የሚደርሰው ስህተት ይህ ነው፦ ሐኪሙ «ነገ ወደ ካምፕ ይወስዱታል» ብሎ ቁስሉን ቶሎ ይሰፋዋል። በሦስተኛው ቀን ካምፕ ውስጥ እግሩ ያብጣል፣ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር እንደ በረዶ ይንኮሻኮሻል፣ ጣፋጭ መጥፎ ሽታ ይመጣል። ጋዝ ጋንግሪን (ሥጋን እየገደለ ጋዝ የሚፈጥር የቁስል ብክለት) ነው፤ ሌሊቱን ላያድር ይችላል። የዝውውር ቀን ቁስልን አያዝም። ቁስሉ ለመዘጋት ካልደረሰ የዝውውር ወረቀቱ ላይ «በሕክምና ምክንያት አይንቀሳቀስም» ተብሎ ይፈረምና ይቆይ።

እግር ወይም እጅ መቁረጥ ካስፈለገ ምክንያቱ ቁስሉ ብቻ መሆኑ ይጻፍ፣ ሁለት ሐኪም ይፈርም፣ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮት ፈቃዱ ይጠየቅ። የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 11 ለጤናው የማያስፈልግን ቀዶ ጥገናና የሕክምና ሙከራን፣ ምርኮኛው ቢስማማ እንኳ፣ ይከለክላል። ደም በግዴታ አይቀዳም። አስተርጓሚ ነርስ ወይም ሌላ ታካሚ ይሁን፤ የመርማሪ ክፍል ሰው በሐኪም ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ከሆነ ታካሚው የሕመሙን እውነት አይናገርም፣ ሐኪሙም በሐሰት ታሪክ ያክማል።

ጠባቂው በር ላይ ይቁም፤ መሣሪያ ወደ ቀዶ ክፍል አይገባም። ሴት ምርኮኛ የተለየ ክፍልና ሴት ጠባቂ ያስፈልጋታል። ስልክ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠበቅ። አልጋ ላይ የተኛን ምርኮኛ ቀርጾ መልቀቅ ስምምነቱ የሚከለክለው ለሕዝብ ዓይን ማጋለጥ ነው፤ ቤተሰቡንም ለበቀል ያጋልጣል። ጎብኚ ባለሥልጣንም ቢሆን ካሜራውን በር ላይ ይተው።

ካምፕ

እያንዳንዱ ካምፕ ክሊኒክ ይኑረው፣ ለተላላፊ በሽታ የተለየ ክፍልም። አዲስ ገቢው ሁሉ መጀመሪያ ቀን ይመረመር፦ ክብደት፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁስል፣ ቅማልና እከክ። ከዚያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ክብደቱ ይመዘገባል። ሚዛኑ ቀላል መሣሪያ ይመስላል እንጂ የካምፑ ዋና ምስክር እሱ ነው፤ የሃያ ሰው ክብደት በአንድ ወር ከቀነሰ ችግሩ በሽታ ሳይሆን ወጥ ቤቱ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አክታው እስኪመረመር ለብቻው፣ መስኮት ባለው ክፍል ይተኛ። የካሳ ኮሚሽኑ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 መጨረሻ ድረስ የታመሙትን ባለመለየትና ሳያቋርጡ ባለመመርመር ተጠያቂ አድርጓታል፤ ኤርትራንም በቂ ሕክምና ባለመስጠትና የቀይ መስቀል ኮሚቴን ከካምፖቿ በመከልከል። ሳንባ ነቀርሳ መቶ ሰው በተኛበት መጋዘን ውስጥ አንድ ታማሚ ቢኖር ይበቃዋል፤ ሲወጡም ይዘውት ወደ ቤታቸው ይገባሉ። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው፣ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት። በመሀል ካቋረጠ መድኃኒቱን የተለማመደ ጀርም ይፈጠራል።

ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥም ለመታጠቢያም 15 ሊትር ውኃ አስቡ። ደምና መግል የነካውን ወለል 0.5 በመቶ በሆነ በረኪና እጠቡ፦ 5 በመቶ ከሆነው አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ። ከፈሳሹ በፊት ወለሉ ይጠረግ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ ይሞታል።

ከተማረኩት መካከል ሐኪምና ነርስ ካሉ የራሳቸውን ሰዎች እንዲያክሙ ፍቀዱ። የሕክምና ክፍል አባላት ምርኮኛ አይባሉም፤ የሚቆዩት ለወገኖቻቸው ጤና ስለሚያስፈልጉ ብቻ ነው። የራሱ አገር ሐኪም የያዘው ታካሚ መድኃኒቱን በእምነት ይውጣል።

ካምፕ ከደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ የምርኮ ካርድ ለቤተሰቡና ለማዕከላዊ የምርኮኞች ወኪል (የምርኮኞችን መረጃ ለሚሰበስበው ተቋም) ይላካል፤ ወደ ሆስፒታል ሲዛወርም እንደገና። ካርዱን የሚያደርሰው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። መጻፍ የማይችል ከሆነ፣ እጁ ስለቆሰለ ወይም ስላልተማረ፣ እሱ የሚለውን ሌላ ሰው ይጻፍለት።

ሕክምናው፣ ክራንቹ፣ ሰው ሠራሽ እግሩ፣ መነጽሩ ሁሉ በያዘው መንግሥት ወጪ ነው። ሲጠይቅም ሕመሙንና የተደረገለትን ሕክምና የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቅጂው ወደ ማዕከላዊው ወኪል ይሄዳል።

ቢሞት

አስከሬኑ ሳይመረመር አይቀበርም። መሞቱ፣ ምክንያቱና ማንነቱ በጽሑፍ ይረጋገጣል። የአንገት ሰሌዳው ሁለት ቅጠል ከሆነ አንዱ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል፣ አንዱ ይላካል። መቃብሩ የግል፣ ቁጥር ያለውና በካርታ የተመዘገበ ይሁን፤ በሃይማኖቱ ሥርዓት። ጠባቂ ገድሎት ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሞተ ወዲያው ምርመራ ይከፈታል፣ ምስክሮች ይጠየቃሉ።

ወደ አገሩ

ከባድ ቁስለኛ የጦርነቱን ፍጻሜ አይጠብቅም። የማይድን ሆኖ አቅሙ በጣም የተዳከመ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ቁስለኛ ውጊያ እየተካሄደም ቢሆን በቀጥታ ወደ አገሩ ይመለሳል። እጅ ወይም እግር ያጣ፣ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ሽባ የሆነ እዚህ ውስጥ ነው። ይህን የሚመዝነው ሦስት አባላት ያሉት ድብልቅ የሕክምና ኮሚሽን ነው፤ ሁለቱ ከገለልተኛ አገር፣ አንዱ ከያዘው መንግሥት። ከ6 ወር ባልበለጠ ጊዜ ካምፖቹን ይጎበኛል፤ ውሳኔውም በ3 ወር ውስጥ ይፈጸማል። ግልጽ የሆኑትን ግን ኮሚሽኑን ሳትጠብቁ መላክ ትችላላችሁ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ አልመለስም ያለ ቁስለኛ በግድ አይሰደድም። የተመለሰውም ዳግም ወደ ውጊያ አገልግሎት አይገባም።

አውቶቡሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት የካምፑ ሐኪም ከእያንዳንዱ ቁስለኛ ጋር ይቀመጥ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በእጁ የሚይዘው ይህ ነው፦ የሕክምና ምስክር ወረቀቱ፣ ራጁ፣ የቀዶ ሕክምናው አጭር ዘገባ (ውስጡ የቀረ ፍንጣሪ ወይም ብረት ካለ የት እንዳለ ተጽፎ)፣ ጀምሮ ያልጨረሰው መድኃኒት ቢያንስ የሁለት ሳምንት፣ ስንተኛው ወሩ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ካርድ፣ በደረሰኝ የተያዘበት ገንዘብ። አንድ ቅጂ ለተቀባዩ ወገን ሐኪም በቀይ መስቀል ተወካዩ በኩል ይሰጥ፤ በምርኮኛው እጅ ያለው ብቻ ከሆነ በመንገድ ላይ ይቀደዳል ወይም ይወሰድበታል። ክራንቹም የእሱ ነው። የካምፕ ንብረት ነው ተብሎ በር ላይ አይቀማም።